ጆሮውን የነካ ልጅ ቀበቶ ይበቃዋልን?

(ሉማሜ ላይ ለተሰበሰቡ የማኅበሩ አባሎች የተደረገ ንግግር)




ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ሉማሜ ስለ ሆነ ንግግሬን ከዚሁ ከተማ ልጀምር። ለትምህርት ቤት ለመመዝገብ በአባቴ እጅ ተይዤ የሄድሁበት ጧት ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም። በዚያን ዘመን የልደት ምስክር ወረቀት ይዞ የሚመጣ ወላጅ አልነበረም፤ አባቴም የተወለድሁበትን ጊዜ የሚያስታውሱት በዚያ ዓመት በወረደው በረዶና በጎረቤታችን ሠርግ ነበር። መዝጋቢው መምህር ግን በዚህ አልተቸገሩም። «ና እስቲ፤ ቀኝ እጅህን ባናትህ ላይ አሳልፍና ግራ ጆሮህን ያዝ» አሉኝ። ባለኝ ኃይል ሁሉ ተንጠራራሁ፤ ጣቴ ግን ከጆሮዬ ሁለት ጣት ያህል ሲቀረው ቆመ። አንገቴን ዘንበል ላደርግ ስል መምህሩ አዩኝና «ቀና በል!» አሉ። «ለከርሞ ይምጣ» ተባለ፤ እኔም እስከ ቤታችን ድረስ እያለቀስሁ ተመለስሁ።

ከናንተም ብዙዎቻችሁ በዚሁ መለኪያ የገባችሁ ትመስሉኛላችሁ። በኋላ ዘመን የተማርን ሰዎች ይህን ልማድ እንደ ኋላ ቀርነት ቆጥረን ስቀንበታል። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። አዲስ የተወለደ ሕፃን ራስ የቁመቱን ሩብ ያህል ይሆናል፤ የአዋቂ ሰው ራስ ግን ከቁመቱ አንድ ሰባተኛ ወይም አንድ ስምንተኛ ነው። ሕፃኑ ሲያድግ ራሱ ቀስ ይላል፤ ክንዱ ይረዝማል፤ ስድስትና ሰባት ዓመት ገደማ ክንዱ ራሱን አልፎ ጆሮውን ይነካል። በአውሮፓም ይህንኑ መለኪያ «የፊሊፒን መለኪያ» ብለው ለትምህርት ቤት ብቁነት ይጠቀሙበት ነበር። የአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ምዝገባውም በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የልጁን ዕድሜ የሚነግረን ወረቀት ሳይሆን የልጁ አካል ነበር።

ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ትምህርት ቤት አይደለም። ወላጆች «ልጄ አሁን በትልቅ ሰው ቀበቶ መታሰር ይችላልን?» ብለው ሲጠይቁን እኛ የጤና ባለሙያዎች የምንሰጠውን መልስ ለመመርመር ነው። ይህን ርእስ የመረጥሁበትን ምክንያት አልደብቃችሁም፤ እኔ ራሴ የተሳሳተ መልስ ሰጥቼ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባንድ ሆስፒታል በማገለግልበት ጊዜ፣ ኮሮላ መኪና የነበራቸው አንድ አባት ልጃቸውን ሊያስከትቡ ሲመጡ ይተዋወቁኝ ነበር። በውጭ አገር የሚኖሩት እኅታቸው፣ የራሳቸው ልጅ ሲያድግ፣ የሕፃን የመኪና ወንበር ልከውላቸው ልጁን በዚያ ላይ እያሰሩ ይሄዱ ነበር። ይህ በአካባቢያችን እንግዳ ነገር ስለ ነበር ያደንቋቸው የነበሩትም፣ «ልጁን እንደ በግ ጠፍረው» እያሉ የሚስቁባቸውም አልጠፉም። አንድ ቀን ታዲያ «ዶክተር፣ ልጁ አምስት ዓመት ሞላው። ወንበሩ ጠቦታል፤ እሱም አድጌአለሁ እያለ ይቈጣል። አሁንስ ቀበቶው ብቻ አይበቃውም?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ሚዛን ላይ ሳላወጣው፣ ቁመቱንም ሳልለካ፣ ዕድሜውን ሰምቼ ብቻ «ይበቃዋል እንጂ! ትልቅ ሰው ሆኗል» አልሁና ራሱን ደባብሼ አሰናበትኋቸው።

ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ መኪናቸው ያለ መብራት ከቆመ አይሱዙ ጋር ተጋጨ። አባትየው ደረታቸው ተመታ እንጂ ለክፉ አልሰጣቸውም። ልጁም እያለቀሰ በእግሩ ገባ። ልብሱን ገልጬ ስመለከት ሆዱን ከግራ ወደ ቀኝ ያቋረጠ፣ እምብርቱን የነካ፣ የቀበቶው ቅጂ የሚመስል ቀይ መሥመር ነበረ። ቆዳ የተላጠ ነው ብዬ ቀባሁት። ሁለተኛው ስሕተቴ ይህ ነው። ሌሊቱን ማስታወክ ጀመረ፤ ሲነጋ ሆዱ እንደ ሳንቃ ደረቀ። ወደ ቀዶ ሕክምና ተልኮ ትንሹ አንጀቱ ተበጥሶ ተገኘ፤ ተቆርጦም ተሰፋ። ልጁ ድኗል፤ ዛሬ ይማራል። አባትየው እስካሁን አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም፤ ባገኙኝ ቁጥር ጎንበስ ብለው ሰላም ይሉኛል። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው መጻሕፍቱን የከፈትሁት። በመቀመጫ ቀበቶ የሚደርሰውን ይህን የሆድና የወገብ ጉዳት ሐኪሞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ስም ሰጥተው ጽፈውበታል። ምክንያቱም የሚከተለው ነው። ባለ ሦስት ነጥቡን ቀበቶ ኒልስ ቦህሊን የተባለው ስዊድናዊ መሐንዲስ በ1959 ለቮልቮ ሲሠራ፣ ያሰበው ለአዋቂ ሰው አካል ነበር። የታችኛው ማሰሪያ የሚያርፈው በዳሌ አጥንት ላይ ነው፤ ከፊት ለፊት በግራና በቀኝ ቀንድ መስለው የወጡት የዳሌ አጥንት ጫፎችም ቀበቶውን ይዘው ወደ ሆድ እንዳይወጣ ያግዱታል። በሕፃን ላይ ግን እነዚህ ጫፎች እስከ አሥር ዓመት ገደማ ድረስ በሚገባ አይወጡም። መኪናው በድንገት ሲቆም ቀበቶው የሚይዘው አጥንት ያጣና ወደ ለስላሳው ሆድ ይንሸራተታል፤ አንጀትን ከአከርካሪ ጋር ይጨምቃል፤ የልጁም ላይኛ አካል፣ በከባዱ ራሱ ተስቦ፣ በቀበቶው ላይ እንደ ቢላዋ ይታጠፋል። ስለዚህ ሆዱ ላይ የቀበቶ ምልክት ያለበትን ሕፃን፣ ምንም ደኅና ቢመስል፣ ወደ ቤቱ እንዳትልኩት አደራ እላለሁ። ወገቡንም መርምሩ፤ እግሮቹን እንዲያንቀሳቅስ ጠይቁ፤ በየጊዜው ሆዱን ዳሱ።

እንግዲህ ከቀበቶ በፊት የሚመጣው ከፍ ማድረጊያው መቀመጫ ምን እንደሚሠራ በቀላሉ ይገባናል። ብዙ ሰው ልጁ በመስኮት እንዲያይ የሚደረግ ትራስ ይመስለዋል። ሥራው ግን ልጁን ከፍ አድርጎ ቀበቶውን ከአጥንት ጋር ማገናኘት ነው። በግራና በቀኝ ያሉት ጆሮ መሳይ መያዣዎች የታችኛውን ማሰሪያ በጭኑ ላይ ዝቅ አድርገው ይይዙታል፤ የላይኛውም በአንገት ፈንታ በትከሻው መካከል ያልፋል። አራት እስከ ስምንት ዓመት በሆናቸው ልጆች ላይ በአሜሪካ የተደረገና በ2009 የታተመ ጥናት፣ በዚህ መቀመጫ የተቀመጡት ቀበቶ ብቻ ከታሰሩት ይልቅ የመጎዳት ዕድላቸው በመቶ 45 ያነሰ መሆኑን አሳይቷል።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ባሕርይ አንድ ነገር ማንሣት እወዳለሁ። በእኛ ዘንድ የልጅ እድገት ሹመት ነው። ከአንቀልባ ሲወርድ፣ ዳዴ ሲል፣ ቆሞ ሲሄድ፣ ከአዋቂ ጋር መሶብ ሲቀርብ እልል እንላለን። በመኪና ውስጥ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ወደ ኋላ ዞሮ ከሚቀመጥበት ወንበር ወደ ፊት ሲዞር፣ ወደ ፊት ከሚያየው ባለ ማሰሪያ ወንበር ወደ ከፍ ማድረጊያው ሲሸጋገር፣ ከዚያም ወደ ቀበቶ ብቻ ሲወጣ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጥበቃው ጥቂት ይቀነስበታል እንጂ አይጨመርለትም። ስለዚህ «ለሚቀጥለው ደረሰን?» ተብሎ መጠየቅ የለበትም። «ያለበት ወንበር በእርግጥ ጠቦታልን?» ነው ጥያቄው። ትከሻው ከላይኛው የማሰሪያ ቀዳዳ ካላለፈ፣ ክብደቱም ወንበሩ ላይ ከተጻፈው ልክ ካልበለጠ፣ አምስት ቀርቶ ስድስት ዓመት ቢሞላው እዚያው ይቆይ። ያ ወዳጄ ልጅ ወንበሩ ጠቦት ነበር፤ እውነት ነው። እኔ መናገር የነበረብኝ ግን ከፍ ማድረጊያ እንዲፈለግለት ነበር።

ወደ ኋላ ዞሮ ስለ መቀመጥ በአጭሩ ልናገር። በርቲል አልድማን የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም፣ ጠፈርተኞች ሲወነጨፉ ኃይሉን በጀርባቸው እንደሚቀበሉ ተመልክቶ፣ በ1960ዎቹ ይህን አቀማመጥ ለሕፃናት አመጣው። የጨቅላ አንገት ከባዱን ራሱን መሸከም ስለማይችል፣ ጀርባው በሙሉ ኃይሉን ይቀበልለታል። በ2013 ሥራ ላይ የዋለው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 129 ቢያንስ እስከ 15 ወር ወደ ኋላ ይዙር ይላል፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ ወንበሩ እስከ ፈቀደ ድረስ ይቆይ ባይ ነው። እኔም በዚህኛው እስማማለሁ። በአገራችን ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በ15ኛው ወር መሆኑ ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ መኪና ያለውን ወላጅ በዚያው ቀን ብንጠይቀው ምን ይጎዳናል? የአየር ከረጢት ባለበት ጋቢና ግን ወደ ኋላ የዞረ ወንበር ፈጽሞ አይቀመጥም፤ ከረጢቱ ሲፈነዳ የሚመታው የሕፃኑን ራስ ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ልጁ ከፍ ማድረጊያውን ትቶ በቀበቶ ብቻ የሚሄደው መቼ ነው? በአንዳንድ አገር ሕግ 135 ሳንቲ ሜትር፣ በጀርመን 150 ሳንቲ ሜትር ወይም 12 ዓመት፣ በአሜሪካ ሐኪሞች ምክር 145 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይባላል። ቁጥሩ የሚለያየው ሰው ስለማይስማማ ብቻ ሳይሆን የመኪናው መቀመጫም ስለሚለያይ ነው። በመጨረሻ የሚፈርደው ልጁን እመኪናው ውስጥ አስቀምጦ ማየት ነው። ጀርባው መደገፊያውን ሙሉ በሙሉ ሲነካ ጉልበቱ በመቀመጫው ጠርዝ ላይ ይታጠፋልን? የታችኛው ማሰሪያ ሆዱን ሳይነካ ጭኑ ላይ ያርፋልን? የላይኛውስ አንገቱን ሳይቆርጥ በትከሻው መካከል ያልፋልን? ከሁሉም በላይ ደግሞ እስከ መንገዱ ፍጻሜ እንደዚያው ይቆያልን? ይህ የመጨረሻው የተረሳ ነው። ከዚህ እስከ አዲስ አበባ የሚደረገው ጉዞ ረጅም ነው፤ የአባይ በረሃ ሙቀት ያደክማል፤ ጉልበቱ ጠርዙ ላይ የማይታጠፍለት ልጅ ጎሐ ጽዮን ሳይደርስ ወደ ፊት ተንሸራቶ ይተኛል፤ ቀበቶውም ሆዱ ላይ ይወጣል። ሉማሜ ላይ ያለፈ ፈተና አባይ ላይ ይወድቃል ማለት ነው።

ከመምህሬ የጆሮ መለኪያ ጋር የሚመሳሰለውም እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም አካልን እንጂ ወረቀትን አይጠይቁም። ነገር ግን አንዱን በሌላው ቦታ እንዳትተኩ፤ ጆሮውን የነካ የሰባት ዓመት ልጅ ለፊደል ደርሷል እንጂ ለቀበቶ ገና ነው።

ደግሞ ለእኛ ክልል ከሌላው አገር ይበልጥ የሚያሠጋ ነገር አለ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት በመቶ 46 ያህሉ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ መሆናቸውን ገልጿል። በውጭ አገር ወረቀት ላይ «ከስምንት ዓመት በኋላ» ተብሎ የተጻፈውን ቃል በቃል ብንወስድ፣ በዕድሜው ስምንት፣ በቁመቱ ግን ስድስት የሆነውን ልጅ ለቀበቶ አሳልፈን እንሰጠዋለን። በዕድሜ የሚሰጥ ምክር በአዲስ አበባ ጥቂት ቢያሳስት በአዋበል ወረዳ አብልጦ ያሳስታል። ስለዚህ እንለካ።

ስለ ጋቢም ሳልናገር አላልፍም፤ የደጋ ሰዎች ነንና። ሁለት ጊዜ ተጣጥፎ በልጁ ሥር የተነጠፈ ጋቢ ከፍ ማድረጊያ አይሆንም። በግጭት ጊዜ ይጨመቃል፣ ይንሸራተታል፤ ልጁም በቀበቶው ሥር ይሾልካል፤ ቀበቶውን የሚይዝ ጆሮም የለውም። እንዲሁም ልጁ ጋቢ ወይም ወፍራም ካፖርት ለብሶ ከታሰረ፣ በግጭቱ ጊዜ ልብሱ ይጠፈጠፍና ቀበቶው ላልቶ ይገኛል። መጀመሪያ ይታሰር፤ ከዚያ ጋቢው ከላይ ይልበስ። ከዚሁ ጋር ከፍ ማድረጊያ የሚሠራው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ባለበት መቀመጫ ብቻ ነው። በአሮጌዎቹ መኪናዎች የኋላ መካከለኛ መቀመጫ ወገብ ብቻ የሚያስር ቀበቶ ስላለ፣ ልጁ ወደ መስኮቱ በኩል ይደረግ። የላይኛው ማሰሪያ ሲያስጨንቀው በብብቱ ሥር ወይም ከጀርባው ማሳለፍም ያው ሆዱን አሳልፎ መስጠት ነው። ከውጭ የሚላክ ያገለገለ ወንበር ደግሞ ግጭት ውስጥ የነበረ እንዳይሆን፣ ማሰሪያውም የተሟላ እንዲሆን ላኪውን መጠየቅ ነውር አይደለም።

«ሕፃንን ከእናት ጭን የበለጠ ምን ይጠብቀዋል?» የሚለውን ክርክር ሁላችንም ሰምተነዋል። ለዚህ ሮበርት ሳንደርስ የተባለውን አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም ታሪክ ልንገራችሁ። በቴነሲ ግዛት ሕግ አውጭዎችን ለምኖ፣ ተከራክሮ፣ በአሜሪካ የመጀመሪያው የሕፃናት የመኪና ወንበር ሕግ በ1977 እንዲወጣና በ1978 እንዲጸና አደረገ። ነገር ግን ሕጉ ሲወጣ «ሕፃኑን በክንዱ የታቀፈ አዋቂ ካለ አይገደድም» የሚል ቃል ተጨመረበት። ሳንደርስ ይህን ቃል «ሕፃን ጨፍላቂ» እያለ ይጠራው ነበር፤ አላረፈምም፤ በ1981 አስወጣው። ሒሳቡን እኛም ልንሠራው እንችላለን። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በሴኮንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ቢቆም፣ 15 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከእናቱ ክንድ የሚያመልጥበት ኃይል ወደ 210 ኪሎ ይሆናል። ሁለት ኩንታል ጤፍ በድንገት ሲወረወር በክንዱ የሚይዝ ማን ነው? እናትና ልጅ ባንድ ቀበቶ ሲታሰሩ ደግሞ እናቲቱ በክብደቷ ልጇን ከቀበቶው ጋር ትጨፈልቀዋለች።

ከናንተ መካከል «ይህ ሁሉ መኪና ላለው ነው፤ የሉማሜ ልጅ የሚጎዳው በእግሩ ሲሄድ ወይም በሚኒባስ ትርፍ ተጭኖ ነው» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ይህን መካድ አልፈልግም። ቀበቶ በሌለው ሚኒባስ ውስጥ ስላለው ሕፃን የምሰጠው መልስ ደካማ ነው፤ ቢሆንም ዝም ከማለት ይሻላል። ልጁ ጋቢና እንዳይገባ፤ በመቀመጫዎች መካከል ባለ በርጩማ ላይ ወይም በሩ አጠገብ ቆሞ እንዳይሄድ፤ ቢቻል ሒሳቡ ተከፍሎለት የራሱን መቀመጫ እንዲይዝ፤ ረዳቱ «ልጁን ታቀፉት» ሲል እሺ የማይሉ ተሳፋሪዎች እንዲበዙ ማድረግ እንችላለን። ስለ ቀበቶ የደነገገው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208 ከወጣ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ቀበቶ መታሰር ያሳፍር የነበረው ቀርቷል፤ ሌላውም ሊለመድ ይችላል።

ከሁሉ በፊት ግን የራሳችንን ቤት እንይ። ላንድክሩዘር በሆኑት አምቡላንሶቻችን ውስጥ ሕፃናትን በጎን በተደረደረው አግዳሚ ላይ በእናታቸው ጭን አስቀምጠን በፍጥነት እንነዳለን። ወደ ጎን የሚያይ አግዳሚ ለማንኛውም የሕፃን ወንበር አይሆንም። ሪፈር የሚላከው ሕፃን መተኛት የማያስፈልገው ከሆነ፣ ወደ ፊት በሚያየው፣ ባለ ቀበቶው መቀመጫ ላይ እንዲታሰር፣ ለየአምቡላንሱም አንድ አንድ የሕፃን ወንበርና አንድ አንድ ከፍ ማድረጊያ እንዲገዛ ማኅበራችን ለወረዳዎቹ እንዲጽፍ በዚህ አጋጣሚ ሐሳብ አቀርባለሁ። ነጂዎቹም ሲሠለጥኑ አስተሳሰሩን ይማሩ።

እኔ ደግሞ በምሠራበት ክፍል በር መቃን ላይ በቀይ ቀለም ሁለት መሥመር አስምሬአለሁ፤ አንዱ በ135፣ ሁለተኛው በ145 ሳንቲ ሜትር። መኪና ያለው ወላጅ ሲመጣ ዕድሜውን ከመጠየቄ በፊት ልጁን ጫማውን አስወልቄ እዚያ አቆመዋለሁ። አንዳንዱ ልጅ ተረከዙን ያነሣል፤ እኔም እንደ መምህሬ «ዝቅ በል!» እለዋለሁ። ያ ሆዱ የተሰፋው ልጅ ባለፈው መስከረም መጥቶ ነበር። 131 ሆነ። አባቱ የገዙለት ከፍ ማድረጊያ እመኪናው ውስጥ ነው፤ ለከርሞ ይምጣ ብዬ መለስሁት።